ፒካፑን ከፍ ከማድረግህ በፊት ሐረጎን ውረድ

ደሴ ውስጥ አሁን አሁን ፒካፕ የያዘ ሁሉ ወሬው አንድ ነው፤ ከፍ ማድረግ። ባሌስትራ ይጨመርለት፣ ወፍራም ጎማ ይግባለት፣ ፓራውልቱ በቱቦ ይሠራለት፣ ጣሪያው ላይ መብራት ይደርደርለት። ፒያሳ ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ አንድ ከፍ ያለ ሃይሉክስ ካለፈ ሰው ሁሉ አንገቱን ያዞራል። እኔም አዞራለሁ፤ ምን ያጣላል፣ ያምራል። ልዩነቱ እኔ የማየው ጎማውን አይደለም። ከኋላ አክስሉ ተነስታ ወደ ሻንሲው፣ ወደ መኪናው አጥንት፣ የምትወጣ አንዲት ቀጭን ዘንግ አለች፣ ዓይኔ እሷን ነው የሚፈልገው። ቦታዋ ላይ ከሌለች ወይም በሽቦ ታስራ ካየሁ፣ ያ መኪና ጭነት ጭኖ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ከፊቱ መገኘት አልፈልግም።

ስለ ዘንጓ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ስለ የትኞቹ መኪኖች እንደማወራ ልናገር።

አሮጌ ስል ኮምፒውተር የሌላቸውን ማለቴ ነው። የእኔው ኤልኤን 106 የሚባለው ሃይሉክስ ነው። ደብል ጋቢና፣ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ላይ የተቀመጠ፣ 3ኤል የምንለው 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያለው። ከሱ ከፍ ሲል ላንድክሩዘር 75 አለ፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር 1ኤችዜድ ሞተር የገባለት። ሁለቱም ቱርቦ፣ ያ አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው፣ የላቸውም። ሁለቱም መሀል ላይ የምትጎተት ማርሽ አላቸው፣ የፊቱን ዲፈረንሻል የምታስገባው። ሁለቱንም ደግሞ አንድ መካኒክ በመፍቻና በጆሮው ብቻ ሊረዳቸው ይችላል። እኔን ከነሱ ጋር ያቆራኘኝ ይሄ ነው።

ላንድክሩዘር 70 የሚባለው ትውልድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 መገባደጃ ላይ ነው። በእኛ ሲቆጠር 1977 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ወሎ ውስጥ ሰባ ሰባትን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። የእርዳታው እህል ከአሰብ ተነስቶ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይገባ ነበር። ታላላቆቻችን ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ከእህሉ ጋር የመኪናውንም ነገር አይረሱም። ከዚያ ወዲህ የእርዳታ ድርጅቱም፣ የእርሻ ቢሮውም፣ የጤና ጥበቃውም መኪና በነዚህ ዓይነቶች ተሞላ። አንድ ቀን ደግሞ በጨረታ ወጡ። የእኔም እንዲሁ በጨረታ ወጥቶ፣ እጅ በእጅ ዞሮ ነው እኔ ጋ የደረሰው።

ለምን አዲስ አትገዛም የሚል ካለ፣ ገበያውን ያላየ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስመጣትን እጅግ አከበደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተባለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ፒካፕ እያረጀ ዋጋው ይጨምራል። ባለቤቱም ይሄን ያህል ብር የሚያወጣ ንብረት ይዤ ለምን እንደ ድሮው አየዋለሁ ይላል። ማስዋብ ይጀምራል። እኔ ማስዋብን አልቃወምም። የምቃወመው ቅደም ተከተሉን ነው። አሮጌ መኪና ላይ አዲስ ነገር ከመጨመርህ በፊት ፋብሪካው የሰጠውን መልስለት። ብዙ ሰው "ጉልበት የለውም፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይሞቃል" ብሎ የሚያሻሽለው መኪና መሻሻል አልጎደለውም። የጎደለው የራሱ ዕቃ ነው።

እንደኛ አገር ደግሞ ይሄን ቶሎ የሚያጋልጥ ቦታ ያለ አይመስለኝም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ትወርዳለህ ማለት ነው። ኮምቦልቻን አልፈህ፣ ባቲን አልፈህ፣ ሚሌ ስትገባ 500 ሜትር ገደማ ላይ ነህ። በሌላ በኩል ወደ አቀስታ ከሄድክ ጉጉፍቱ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥተሃል። ይሄ ሁሉ ለአንድ ሞተር፣ ለአንድ ፍሬን፣ ለአንድ ራዲያተር ነው።

የአየሩን ነገር እንየው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየርም በዚያው ልክ ይቀንሳል። እንግዲህ ባለቤቱ "ጉልበት አጣ" ብሎ ጋራዥ ይሄዳል። ቸኩሎ የሚሠራ መካኒክ ምን ያደርጋል? የናፍጣ ፖምፓው ላይ ያለችውን ብሎን አንድ ሩብ ዙር ያጠብቃታል። ናፍጣ ይጨምራል። መጀመሪያ ላይ እውነትም ለውጥ አለ፣ ሰውየው ደስ ብሎት ከፍሎ ይሄዳል። ከዚያ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐረጎን ሲወጣ ከኋላው ያለው ሰው መስኮት ይዘጋል። ጥቁር ጭስ ማለት ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ሞተሩ ያጣው አየር ሆኖ ሳለ የተጨመረለት ናፍጣ ነው። ያ ትርፍ ናፍጣ ጭስ ብቻ ሆኖ ቢቀር ጥሩ ነበር። የቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛውን ክፍል፣ ሙቀት ይጨምራል፣ ዘይቱን ያጠቁራል፣ ከኪስህም ይበላል።

"ታዲያ ቱርቦ ይግጠምለት" ይባላል። በሐሳብ ደረጃ ልክ ነው፤ ለከፍታ ቦታ መልሱ አየር ነውና። ግን እነዚህ ሞተሮች ናፍጣው መጀመሪያ ትንሽ ክፍል ውስጥ ተቀጣጥሎ ወደ ፒስተኑ የሚወጣባቸው ዓይነት ናቸው። ያቺ ትንሽ ክፍል ያለችው ቴስታታው ላይ ነው። ግፊት አብዝተህ ናፍጣም ጨምረህ አቀበት ላይ ስትረግጠው ሙቀቱ እዚያ ይከማችና ቴስታታው ይሰነጠቃል። 1ኤችዜድ ላይ ቱርቦ ገጥመው በደህና የሚነዱ ሰዎች አሉ፤ ትንሽ ግፊት፣ የጭሱን ሙቀት የሚያሳይ መለኪያ፣ የማይበገር ራዲያተር ይዘው ነው። መለኪያውን "ለምን ብር አወጣለሁ" ብሎ የሚዘል ሰው ቱርቦውንም ይዝለለው ባይ ነኝ። የደሴን ሰው ጉልበት ከሚያሳጡት ነገሮች ብዙዎቹ በነገራችን ላይ ርካሽ ናቸው። የቆሸሸ የአየር ማጣሪያ፣ ያረጀ የናፍጣ ማጣሪያ፣ የደከመ ኖዝል፣ በደንብ ያልተስተካከለ ቫልቮላ። እነዚህን ሳትነካ ስለ ቱርቦ አታውራኝ።

ስለ ሙቀት ካነሳን ቴርሞስታትን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ይዞ የሚያቆየውን ቫልቭ፣ አለማንሳት አይቻልም። አሮጌ መኪና ገዝታችሁ ቴርሞስታቱን ቦታው ላይ ካገኛችሁት ዕድለኞች ናችሁ። አንድ ጊዜ የሆነ ቦታ ሞተሩ ሞቆ ነበር፣ አንድ ሰው ፈትቶ ጣለው፣ አለቀ። "ውሃው እንደልቡ ይዙር" ይላሉ። ቆላ ብቻ የሚሠራ መኪና ቢሆን ጉዳቱ ቶሎ አይታይም። ደሴ ላይ ግን፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት፣ ያለ ቴርሞስታት የሚዞር ሞተር ኩታበር እስኪደርስ በደንብ አይሞቅም። ብርድ ላይ የሚሠራ ናፍጣ ሞተር ነጭ ጭስ ያጨሳል፣ ነዳጅ ይበላል፣ የፒስተኑ ፋሻና ሲሊንደሩ ቶሎ ይበላሉ። ቴርሞስታት ከ80 ዲግሪ አለፍ ሲል ነው የሚከፈተው። የሚሠራ መሆኑን ቤትህ መሞከር ትችላለህ፤ ድስት ውስጥ ውሃ ጥደህ ክተተው፣ ውሃው ሳይፈላ መከፈት አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ደሴ ላይ ክዳን በሌለው ድስት ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው እንጂ በ100 አይደለም። ሞተር ደግሞ ከ80 እስከ 90 እና ከዚያም በላይ ባለው ሙቀት ነው የሚሠራው። ይሄ ማለት የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ውሃህ ለመፍላት የቀረው ትንሽ ዲግሪ ነው። ጤነኛ ክዳን ግፊቱን ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ክዳኑ ላይ ያለችውን ጎማ በአውራ ጣትህ ጫን በላት። ከደረቀች፣ ከተሰነጠቀች፣ ወይም ስፕሪንጓ ከላላ ቀይራት። ሰው ራዲያተር አስፈትቶ፣ አስጠርጎ፣ ሁለተኛ ፋን አስገጥሞ፣ ያችኑ የደረቀች ክዳን መልሶ ሲከድን አይቻለሁ። ምን ልበል።

አሁን ወደ ዘንጓ።

ብዙዎቹ አሮጌ ሃይሉክሶች ከኋላ አክስሉ በላይ ሻንሲው ላይ የተገጠመች የፍሬን ቫልቭ አለቻቸው። ከቫልቯ አንዲት ዘንግ ወጥታ አክስሉ ላይ ትታሰራለች። ሥራዋ ጭነት መመዘን ነው። ስትጭን የመኪናው አካል ወደ አክስሉ ይወርዳል፣ ዘንጓ ትገፋለች፣ ቫልቯ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ትለቃለች። ባዶ ስትሆን አካሉ ከፍ ይላል፣ ቫልቯም ለኋላው ግፊት ትቀንሳለች፤ አለበለዚያ ባዶ ፒካፕ ቂጡ ቀላል ስለሆነ የኋላ ጎማው ቶሎ ተቆልፎ መኪናው ይሽከረከራል። የሠራት ሰው ብልህ ነው፤ ያለ ኤሌክትሪክ፣ ያለ ኮምፒውተር፣ በአንድ ዘንግ።

እንግዲህ አንተ መጥተህ ኋላውን ሁለት ቅጠል ባሌስትራ ጨምረህ አስር ሳንቲሜትር አነሳኸው። ዘንጓ ምን ታውቃለች? አካሉ ከአክስሉ ራቀ፣ ስለዚህ መኪናው ባዶ ነው ትላለች። አስር ኩንታል ድንች ብትጭንም ባዶ ነው ትላለች። አዲሶቹ ቅጠሎች ጠንካራ ስለሆኑ በጭነትም ብዙ አይወርዱማ። ያንን ድንች ይዘህ ሐረጎን ስትወርድ መኪናውን የሚይዝልህ የፊት ፍሬን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የፊቱ ዲስክ ይግላል። ፍሬን ዘይትህ የቆየ ከሆነ ደግሞ ከአየሩ እርጥበት ስቧል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው በ205 ዲግሪ ነው፤ ውሃ ከሳበ በኋላ ግን ወደ 140 ይወርዳል። ከፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ይታመቃል። ፔዳሉ እግርህ ሥር እስከ ላሜራው ይሄዳል። ሐረጎ ላይ ይሄ የሚያጋጥምህ መሀል ላይ ነው፣ መታጠፊያው ሲበዛ፣ ከፊትህ ደግሞ ማዳበሪያ የጫነ ተሳቢ ሲያዘግም።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ የሚያበሳጨኝም እሱ ነው። አክስሉ ላይ ያለውን የዘንጓን መያዣ ባሌስትራውን ባነሳህበት ልክ ማስረዘም። አንድ በያጅ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚጨርሳት ሥራ ናት። አንዳንድ ቦታ ግን ምን ያደርጋሉ፣ ቫልቯን ከነጭራሹ አውጥተው ቱቦውን ቀጥታ ያገናኙታል። ያኔ ጭነት ሲኖር ጥሩ ይይዛል። ባዶውን ዝናብ በመታው ኮብልስቶን ላይ ሸዋበር አካባቢ ፍሬን ሲይዝ ግን ኋላው ቀድሞ ይመጣል። ከዘንጓ ጋር የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹንም እዩ። መኪናው በክሪክ ተነስቶ አክስሉ ሲንጠለጠል ቱቦው ከተወጠረ አጭር ነው፣ አለቀ፣ ረጅም ይግባ።

ማርሽን ስለመያዝ ብዙ አልልም፣ ወሎዬ ሹፌር ያውቀዋል። በየትኛው ማርሽ ትወጣው ነበር፣ በሱ ውረደው።

የፊቱን ነገር ግን ዘርዘር አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ብር የሚባክነው እዚያ ነው። መኪናዬ ስልሳ ላይ ሆኖ ጉድጓድ ሲነካ መሪው በኃይል መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፍጥነት ካልቀነስኩ አይተወኝም። አንዱ ባላንስ ነው አለኝ። ሌላው ቴስቲኒ፣ የመሪው ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያ፣ ነው አለኝ። ሦስተኛው መሪ ማርገቢያዋን፣ ያቺን ትንሽ ሾክ፣ ቀይርና ታርፋለህ አለ። ኮምቦልቻ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው አንድ የዕድሜ ባለጠጋ መካኒክ አሉ። የኮምቦልቻ ጋራዦች ወደ ጅቡቲ በሚመላለሰው ከባድ መኪና ያደጉ ናቸው፣ ባሌስትራና ኩሽኔታ (ጎማና ዘንግ የሚዞርበት ቀለበት) ላይ የሚያውቁት ነገር ሌላ ነው። ወሰድኩላቸው።

"መሪ ማርገቢያዋን ልቀይራት ወይ፣ ጋሼ?" አልኳቸው።

"እሷ ምን አጠፋች? በሽታህን ስትሸፍንልህ የኖረች ናት። ተዋት።"

የፊቱን ግራ ጎማ በክሪክ አስነሱና ጎማውን ከላይና ከታች በሁለት እጃቸው ይዘው ወዘወዙት። ቋ፣ ቋ። ረዳቱ ፍሬን ረገጠ፣ ድጋሚ ወዘወዙት። አሁንም ቋ። ፍሬን ተይዞም ከጮኸ የጎማው ኩሽኔታ አይደለም፣ ጎማው የሚታጠፍበት የጉልበቱ ኩሽኔታ ነው አሉ። እነዚህ መኪኖች ከፊት አክስሉ ጫፍ ላይ ትልቅ የብረት ኳስ አላቸው። መሪ ስታዞር ጎማው የሚታጠፈው እሱ ላይ ነው፣ ከላይና ከታች ባሉ ሁለት ትናንሽ ኩሽኔታዎች። ከኳሱ ውስጥ ደግሞ ኃይል ወደ ጎማው የሚያስተላልፈው መገጣጠሚያ አለ፣ በወፍራም ጥቁር ግራሶ ተሞልቶ።

ሲከፈት ግራሶ አልነበረም። እንደ ቀጠነ ሽሮ የሆነ፣ የዲፈረንሻል ዘይት የሚሸት ጥቁር ነገር ወደ ትሪው ፈሰሰ። ጋሼ ጣታቸውን ነክረው በአውራ ጣታቸው አሹት። "ኦይል ሲሉ፣ ዘይት ማገጃው፣ ሞቷል። ዘይቱ ከዲፈረንሻሉ እየወጣ ግራሶውን አጥቦታል።" ከዚያ የታችኛውን ኩሽኔታ ቀለበት በጨርቅ ጠርገው ሰጡኝና ጣትህን አዙርበት አሉኝ። ለዓይን ለስላሳ ነው። ለጣት ግን አንድ በአንድ የሚቆጠሩ ጎድጓዳ መስመሮች አሉት። መኪናው አብዛኛውን ዕድሜውን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ሮለሮቹ እዚያችው ቦታ ላይ ሲመቱ ኖረው ብረቱን ቆፍረውታል። መሪው የሚንቀጠቀጠው ኩሽኔታው ስለላላ ነው። ባላንስ ብታሠራ፣ ቴስቲኒ ብትቀይር፣ ሦስት ማርገቢያ ብትደረድር እነዚያ ጎድጓዳዎች አይሞሉም።

ሲገጥሙት ያደረጉት ነገር እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ኩሽኔታዎቹን ከነቀጫጭን ላሜራዎቻቸው አስገብተው ካጠበቁ በኋላ ከመሳቢያ የስፕሪንግ ሚዛን አወጡ፣ ያ በመንጠቆ የሚንጠለጠለውን። መንጠቆውን የመሪው ክንድ የሚያያዝበት ቀዳዳ ላይ አስገብተው ቀስ ብለው ጎተቱ። ጉልበቱ መዞር የሚጀምርበትን ኪሎ ነው የሚያነቡት። ቀለለ፣ አንድ ላሜራ አወጡ። ድጋሚ ጎተቱ። ከበደ፣ ቀጭኗን መለሱ። አንድም ቃል አልተናገሩም። ፋብሪካው ራሱ የሚያዘው አሠራር ይሄው ነው። በየጋራዡ የሚደረገው ግን በእጅ ወዝወዝ አድርጎ "ጥሩ ነው" ማለት ነው። የኦይል ሲሉም፣ የኩሽኔታውም፣ የግራሶውም፣ የእጃቸውም ዋጋ ተደምሮ ከአራት ጎማ ብዙ ያንሳል። መሪው ዝም አለ።

ዕቃ ስትገዙ፣ በተለይ ኩሽኔታና ኦይል ሲል፣ ፎርጅድ እንዳይሸጡላችሁ። የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው፤ አዲስ ፎርጅድ ከምገዛ ያገለገለ ኦሪጅናል ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ አስመጣለሁ። ጎማና ላስቲክ ያለበት ነገር ካልሆነ በስተቀር። ያገለገለ ኦይል ሲል የሚባል ነገር የለም።

ጎማ። ኤልኤን 106 ከፋብሪካው 205 በ16 ጎማ ነው የሚመጣለት፣ ቁመቱ 73 ሳንቲሜትር ገደማ። ሰው የሚያስገባው 750 በ16 ነው፣ ሰባት ሃምሳ የምንላትን የላንድክሩዘር ጎማ፤ ይቺ ወደ 80 ሳንቲሜትር ትጠጋለች። ልዩነቱ ዘጠኝ በመቶ አካባቢ ነው። ስለዚህ ክሩስኮቱ ላይ 60 ሲል አንተ ወደ 65 እየሄድክ ነው። ያ ቀላሉ ነው። ከባዱ ሁሉም ማርሽ በዘጠኝ በመቶ ይረዝማል፣ ማለትም ሁለተኛ ማርሽህ ድሮ በሚያወጣህ አቀበት ላይ ይለግማል፣ ፍሪሲዮንህን ታቃጥላለህ። ፍሬኑም ትልቅ ጎማ ለማቆም የበለጠ ይለፋል። አየሩ ሦስት አራተኛ በሆነበት ከተማ፣ ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ! ጎማ መቀየር ለፈለገ ጥርሱ ለጭቃ የሚሆን፣ ቁመቱ ግን እንደነበረው የሆነ ይፈልግ። ግንቦት ላይ ወረኢሉ መንገድ ዳር ጭቃ ውስጥ የሚያወጣህ ጥርስ ነው፣ ቁመት አይደለም።

ስለ ባለ አራት እግሩ ማርሽም ሁለት ቃል። እነዚህ መኪኖች መሀላቸው ላይ የፊቱንና የኋላውን ዙር የሚያቻችል ዲፈረንሻል የላቸውም። አስገብተህ ደረቅ አስፋልት ላይ ከነዳኸው የፊቱና የኋላው ጎማ በመታጠፊያ ላይ የሚሄዱት መንገድ ስለማይመሳሰል ኃይሉ መውጫ አጥቶ ኃይል በሚያስተላልፈው ክሮቼራና በማርሹ ላይ ይጠመዘዛል። "ቁልቁለት ላይ ይይዝልኛል" እያሉ ሐረጎን በደረቅ አስፋልት አስገብተው የሚወርዱ አሉ። አይሆንም። በተቃራኒው ደግሞ ዓመት ሙሉ ጭራሽ ሳያስገቡት ይቆዩና ዝናብ ሲመጣ ማርሿን ይጎትታሉ፤ መኪናው ንቅንቅ አይልም። የፊት ጎማው መሀል ያለችው ፍሪ ሃብ በእጅ ካልተቆለፈች የመሀሏ ማርሽ ብቻዋን ምንም አታደርግም። ያቺ ፍሪ ሃብ ደግሞ ደርቃ ትገኛለች። በወር አንዴ ጭቃ ወይም ጠጠር መንገድ ላይ አስገብቶ ትንሽ መንዳት ዘይቱንም ያዳርሳል፣ ሃብሏንም ያነቃታል።

ሳልረሳው፣ ክሩስኮቱ ላይ ስለ ታይሚንግ ቺንጋ፣ ቫልቮላዎቹን በልክ ስለሚያንቀሳቅሰው ቀበቶ፣ የምታስጠነቅቅ መብራት አለች። በየ100,000 ኪሎ ሜትር ትበራለች። 3ኤል ላይ ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቮላውና ፒስተኑ ይጋጫሉ፣ ከዚያ በኋላ የምታወራው ስለ ሞተር እድሳት ነው። በጨረታ የወጣ መኪና ላይ ይቺ መብራት ብዙ ጊዜ አምፖሏ የለም። ተቃጥላ አይደለም፤ ስታስቸግር ሰው አውጥቷት ነው። ወይም የፍጥነት ኬብሉ ተበጥሶ ኪሎ ሜትሩ ቆሞ ስንት ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ ሻጩ የሚነግርህን ቁጥር እርሳውና ቺንጋውን በገዛህ ሳምንት ቀይር።

ታዲያ ምንም አይጨመር ነው የምትለው የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። እኔ ራሴ ጨምሬያለሁ። ከሁሉም የምወደው ሰው ሲያየው የሚስቅበት ነው፤ የዲፈረንሻሎቹን መተንፈሻ በጎማ ቱቦ አስረዝሜ እስከ ሞተሩ ክፍል አድርሼዋለሁ። ዲፈረንሻል ሲሄድ ይሞቃል። ቦርከናን ወይም ሌላ ወንዝ ስትሻገር በድንገት ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ይስባል። መተንፈሻው አክስሉ ላይ ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ዘይቱ ወተት ይመስልና ጥርሶቹ ይበላሉ። አንድ ሜትር ተኩል ቱቦና ሁለት ማሰሪያ ይሄን ሁሉ ያስቀራል። አየር ማስገቢያውን ወደ ጣሪያ የሚያወጣ ቱቦ አስገጥመው መተንፈሻውን የማያስታውሱ አሉ። ቱቦውም ቢሆን መገጣጠሚያዎቹ በደንብ ካልታሸጉ ፓራፋንጎ መቅደድ ብቻ ነው። ባቲ መንገድ ላይ ግን፣ አቧራው ሲነሳ፣ በደንብ የታሸገ ከሆነ ማጣሪያህን ያሳርፈዋል፣ ይሄን አልክድም።

መብራት የሚጨምር በሪሌ፣ ብዙ ኤሌክትሪክ በሚሸከም ማብሪያ፣ ይጨምር። የድሮ ማብሪያ ላይ በቀጥታ ያገናኘ ሽቦው ሲቀልጥ ይሸተዋል። ሻንሲ የሚያስበይድም ባትሪውን ይንቀል። ስንጥቁ ላይ ቀጥ ያለ ብየዳ ከላይ እስከ ታች ከተሠራ እዚያው ጎን ድጋሚ ይሰነጠቃል፤ ጫፎቹ የሾሉ ረዘም ያለ ላሜራ ተለጥፎ ዙሪያውን ቢበየድ ነው ኃይሉ የሚበተነው። ሞተር የሚቀይር ደግሞ ለሊብሬው ያስብበት። የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ቦሎ ስትሄድ ጣጣ ነው።

ባለፈው ሰሞን አንድ የሰፈራችን ልጅ መጣ። ደላንታ እየተመላለሰ ዕቃ የሚያደርስ ነው፣ እንደኔው ኤልኤን 106 ገዝቷል።

"ጋሽዬ፣ ላስነሳው ነው፣ ምን ያህል ይሻላል?" አለኝ።

መጀመሪያ አብረን ሥሩ ገባን። ቴርሞስታት የለም። የግራው ኳስ ዘይት ያለቅሳል። የፍሬን ዘይቱ ቡና መስሏል። ዘንጓ አለች፣ ተመስገን። አንድ በአንድ ነገርኩት፣ ስልኩ ላይ ጻፈ። "አብሽር፣ ይሄ ሁሉ ሲደመር ከጎማው ዋጋ አይበልጥም" አልኩት። ልጁ አዳማጭ ነው፣ ሁሉንም አሠራ። ባሌስትራውንም አምስት ሳንቲሜትር ብቻ አስነስቶ የዘንጓን መያዣ በዚያው ልክ አስረዘመ። ጎማው ላይ ግን ልቡ እንቢ አለው፣ ሰባት ሃምሳዋን ገጥሞ ብቅ አለ። አሁን ደላንታ አቀበት ላይ ሆኖ እየደወለ "ጋሽዬ፣ ሁለተኛ ማርሽ እምቢ አለኝ፣ የናፍጣ ፖምፓዋን ብሎን ትንሽ ላጥብቃት እንዴ?" ይለኛል።